ደረቅ ዓይን ይዤ መንዝ ገባሁ

ከደብረ ብርሃን የተነሣሁት ዓርብ ማለዳ ነው። ወንድሜ ደምሴ መንዝ ውስጥ ካረፈ ሁለት ወር ሆኖታል። ያኔ መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ቀብሩ ላይ አልደረስኩም፤ መሞቱንም የሰማሁት አንድ የአገር ሰው በስልክ ነግሮኝ ነው። አሁን የምሄደው መቃብሩን ለማየትና ብቻቸውን የቀሩትን አባቴን ለመጠየቅ ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ በእነዚህ ሁለት ወራት ማንም ፊት አላለቀስኩም። ጎረቤቴ እትዬ የሺ እዝን ይዘው ቢመጡ “እግዚአብሔር ያጸናኛል” ብዬ ከደጅ መለስኳቸው። ጸሎቴም አንድ ብቻ ነበር፤ ጌታ ሆይ፣ ሰው ፊት እንዳልፈርስ አበርታኝ። ጥቁርም አልለበስኩም። እልኸኛ ነሽ ይሉኛል፤ ነኝም።

ጣርማበር

ከዋናው መንገድ ስንታጠፍ ጉም የሚኒባሱን መስታወት ሸፈነው። ረዳቱ ከታሪፉ በላይ ጠየቀ፤ ሁሉም አጉረመረመ፣ ሁሉም ከፈለ። ጓሳ ላይ ስንደርስ ጉሙ ተገለጠ። አገሩ በጋራ የሚጠብቀው ሣር ለአጨዳ ገና አልተፈቀደም፤ ቆሞ በነፋስ ይተኛል፣ ይነሣል። ደምሴ አጨዳው በሚፈቀድበት ቀን ከመንደሩ ሁሉ ቀድሞ የሚወጣ ሰው ነበር። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

መሐል ሜዳ፣ ሰባት ሰዓት

ሻይ በዳቦ ቀምሼ ወደ መንደራችን በእግሬ ተነሣሁ። የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ዳገቱ ላይ ትንፋሽ ሲያጥረኝ ፈረስ የሚስቡ አንድ ቄስ ደረሱብኝ፤ የአባቴ የነፍስ አባት መምሬ ጥላሁን ናቸው።

“አስካል ነሽ? ለደኅና ነው አመጣጥሽ?”

“ለደኅና ነው፣ አባ።”

ፊቴን ትክ ብለው አዩት። “በይ ፈረሱ ላይ ውጪ፤ ደክሞሻል።”

“ግድ የለም፣ እግዚአብሔር ያበረታኛል” አልኩ። ቀድመውኝ ሄዱ።

በአገራችን ከቀብር የቀረ ዘመድ ሲመጣ ከሩቅ እየጮኸ ነው የሚገባው፤ መንደሩም ወጥቶ አብሮት ያለቅሳል። እኔ ግን ዝም ብዬ ገባሁ። አባቴ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። አበባ ያለበትን ቀሚሴን አዩ፣ ዓይኔን አዩ፣ ከዚያ እንደምንም ፈገግ አሉ።

“ደምሴ መርሐቤቴ ወርዷል። ሰሞኑን ይመጣል” አሉኝ።

ያኔ ገባኝ። መምሬ ቀድመው “ለደኅና ነው የመጣችው” ብለዋቸው ኖሯል፤ በስልክ መስማቴን ማንም አልነገራቸውምና መርዶ ያልሰማሁ መስዬአቸዋለሁ። መርዶ ደግሞ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ እንጂ መንገድ ለደከመው ሰው በድንገት አይነገርም። አውቃለሁ ማለት ነበረብኝ። አፌን ብከፍት እንደምፈርስ ስለማውቅ ዝም አልኩ። በሶ በጠበጡልኝ። ስለ በጎቹ፣ ስለ ገብሱ እያወሩ ሊያስቁኝ ሞከሩ። ዋንጫውን አቀብለውኝ በጎቹን ልይ ብለው ወደ ጓሮ ወጡ፤ ቶሎም አልተመለሱ።

ቅዳሜ ንጋት

ጎህ ሲቀድ ግቢው በሰው ሞላ። መምሬ ጥላሁን ጀመሩ። “አስካል ልጄ፣ ሰው ሁሉ መንገደኛ ነው…” ሳይጨርሱ “ወንድሜን!” ብዬ ጮኽኩ። ሴቶቹ ደግፈው ያዙኝ። ሁለት ወር ያጠራቀምኩት ሁሉ ወጣ፤ እነሱም ዛሬ የሞተ ያህል አብረውኝ አለቀሱ። ትንሽ ሲበርድልኝ አባቴን አቅፌ “አባዬ፣ አውቅ ነበር እኮ” አልኳቸው።

ከእቅፌ ወጥተው ፊቴን አዩ።

“ታዲያ ሌሊቱን ለብቻዬ ለምን አስለቀስሽኝ?”

በነጠላዬ ጫፍ እንባቸውን ጠረግኩላቸው።

ወደ መቃብሩ የሄድነው ተደጋግፈን ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ልሰናበት ስል መምሬ ፈረሱን አቀረቡልኝ። “ያው እምቢ ያልሽው ነው” አሉ። እስከ መሐል ሜዳ በእሱ ሄድኩ፤ እዚያው አደርኩ።

ደብረ ብርሃን

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ገባሁ። እኔ እግዚአብሔርን የለመንኩት እንዳላለቅስ ነበር። እሱ ግን አብረውኝ የሚያለቅሱ ሰዎች ሲልክልኝ፣ እኔ ከደጅ ስመልሳቸው ኖሬአለሁ። ይህንን ተምሬ መጣሁ፤ ለአባቴ ግን ያቺን ሌሊት ልመልስላቸው አልችልም።

ቤቴን ሳልከፍት፣ ቦርሳዬን እንደያዝኩ የእትዬ የሺን በር አንኳኳሁ።

“አስካል፣ ደኅና ነሽ?” አሉኝ።

“ደኅና አይደለሁም” አልኳቸው።