ሬዲዮ የፈቱ አርባ ሦስት ልጆች

ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት አጥር ጥግ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ቀጥሎ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒውተርና ሁለት የደንበኛ ወንበር እንደ ምንም የምትይዝ ክፍል አለች። ጌታዋ ማመልከቻ ይጽፋል፣ ደብዳቤ ይተረጉማል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው አቤቱታ ሲጽፍ ኖሮ ስሙን የሚያስታውስ ጠፋና ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ማመልከቻ» ይለዋል። የተበደለውን በደሉን አስውቦ፣ ያጠፋውንም ሳይዋሽ ግን እውነቱንም ሳይናገር መጻፍ ያውቅበታል። «የኔ ደብዳቤ ሄዶ ባዶ እጁን አይመለስም» ይላል። ኩራቱ ይቺው ናት።

ገበያው የደራው ሰፈሩ ልጆቹን ለትምህርት ባሕር ማዶ መላክ ሲጀምር ነው። ቀዳሚዋ ባለ ፋርማሲዋ ነበረች። የአዳሪ ትምህርት ቤቱን መጽሔት ታቅፋ መጣች፤ መጽሔቱ ላይ ሣሩ እንደ ምንጣፍ ተነጥፏል፣ ልጆቹም ጥርሳቸው ተቆጥሮ እስኪያልቅ ይስቃሉ። ከቅጹ ጋር አንድ ገጽ ደብዳቤ ይጠየቃል፦ «ስለ ልጅዎ በራስዎ ቃል ይጻፉልን።» ባለ ፋርማሲዋ የራሷን ቃል ፍለጋ ጋሽ ማመልከቻ ዘንድ መጣች።

«ልጁ ምን ይወዳል?» አላት።

«እኔ በየት ጊዜዬ አውቄው! ለሞግዚቷ ልደውልልህ?»

«ተይው» አለና መጻፍ ጀመረ። ልጁ በአራት ዓመቱ የቤቱን ሬዲዮ ፈታትቶ መልሶ ገጠመ። ዳቦውን ለጓደኞቹ ያካፍላል። ሲወድቅ አያለቅስም፤ ይነሣና ያደናቀፈውን ድንጋይ ይመረምራል። ተርጉሞ ሲያነብላት ባለ ፋርማሲዋ «ወይኔ ልጄ!» ብላ አለቀሰች። እንዲህ ያለ ልጅ እንዳላት እስከዚያን ቀን አላወቀችም ነበር።

መልሱ በሦስት ሳምንት መጣ፦ «ልብ የሚነካ ደብዳቤዎን በጥሞና አንብበነዋል። እንኳን ደስ አለዎት።»

ከዚያማ ማን ያቁመው! ባለ ሥጋ ቤቱ የጫማውን ክር ማሰር ያልቻለ የስድስት ዓመት ልጁን ላከ። የሰፈሩ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ለወላጆች «ትምህርት ቤታችን ከማንም አያንስም» ብሎ ንግግር ባደረገ በማግስቱ፣ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ፣ ለራሱ ሴት ልጅ ደብዳቤ ሊያጽፍ መጣ። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ማለት ይሄ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ አርባ ሦስት ልጆች ወደዚያው ትምህርት ቤት ሄዱ። ሬዲዮ የሚባል ዕቃ ከየቤቱ ከጠፋ ስንት ዘመኑ፣ አርባ ሦስቱም ሬዲዮ ፈትተው ገጥመዋል። ያልሄደ ልጅ መንገድ ላይ ሲታይ «ምነው፣ አሞት ነው እንዴ?» ይባል ጀመር። የላኩት ደግሞ ልጃቸውን በስልክ ለጎረቤት እያሳዩ ይንጎራደዳሉ። ልጁ በማያውቁት ቋንቋ ሁለት ቃል ወርውሮላቸው ይዘጋል፤ እነሱም ያልገባቸውን ይተረጉማሉ። ላም አለኝ በሰማይ!

ጋሽ ማመልከቻ ይህን ሁሉ እያየ በሆዱ ይስቅ ነበር። ሳቁ የቆመው ነገሩ የገዛ ቤቱ ሲገባ ነው።

ሚስቱ ፀጉር ሠሪ ናት። ቀኑን ሙሉ እናቶቹ ስለ ልጆቻቸው ፈረስ ግልቢያ ሲያወሩ እየሰማች ፀጉራቸውን ትጠቀልላለች። አንድ ቀን ቤት ገብታ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፦

«የሰውን ልጅ ሁሉ በብዕርህ አሻገርክ፤ የራስህን መቼ ነው?» አለችው።

«ገና አሥራ አንድ ዓመቷ እኮ ነው።»

«የባለ ሥጋ ቤቱ ልጅ ስድስት ነው! እናቴ የተወችልኝን ቦታ እሸጣለሁ፤ ጨርሻለሁ። አንተ ደብዳቤውን ብቻ ጻፍ።»

ልጅቱ እዚያው ጠረጴዛ ላይ የቤት ሥራዋን እየሠራች ነበር። ማንም ምንም አልጠየቃትም።

በማግስቱ ያንኑ የለመደውን ደብዳቤ ስሙን ብቻ ቀይሮ አተመው። ልጁ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሁልጊዜ ጎራ ብላ የፊደል ግድፈት ታርምለታለች። ቋንቋውን የተማረችው ያው ከማንም አያንስም በተባለው የሰፈሩ ትምህርት ቤት ነው። ቀይ እስክሪብቶዋን ይዛ አነበበችና ቀና አለች።

«አባዬ፣ ይቺ ልጅ ማን ናት?»

ቀልድ መሰለውና ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«በአራት ዓመቴ ሬዲዮ ፈትቼ ነበር?»

«አይ፣ እሱማ... ለአጻጻፉ ያህል ነው።»

«እሺ፣ በአራት ዓመቴ ምን አደርግ ነበር?»

ሃያ ሁለት ዓመት ቃል አጥሮት የማያውቀው ሰው ወረቀቱን ከእጇ ወስዶ አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ጽፎ የገዛ ልጁን አያውቃትም። አፈረ፣ ከልቡ አፈረ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ማስታወሻ ደብተር ይዞ ልጁን ይከታተላት ጀመር። ወንጀለኛ እንኳ እንደዚያ ክትትል አይደረግበትም። በየቀኑ ያየውን ይጽፋል፤ ዳይሬክተሩን ስታስመስል የድስት ክዳን እንደ ባርኔጣ እንደምትደፋ ሳይቀር ጽፏል። ጓደኞቿ ከሄዱ ወዲህ ላስቲኳን በሁለት ወንበር እግር ወጥራ ብቻዋን እንደምትዘል ያየ ዕለት ግን ብዕሩን አስቀምጦ ወጥቶ ደጅ ቆመ።

ሁለተኛው ሳምንት ሲያልቅ ልቡ ቆርጦ ነበር፤ ይቺ ልጅ የትም አትሄድም። ችግሩ ለሚስቱ ፊት ለፊት «እምቢ» የሚልበት ወኔ የለውም። ስለዚህ እምቢታውን ትምህርት ቤቱ ይበልልኝ ብሎ በብዕሩ ተማመነ። አንድም ቃል ሳያስውብ፣ አይቶ የጻፈውን ብቻ ጽፎ ላከ።

መልሱ በሦስት ሳምንት መጣ። ሚስቱ የደንበኛ ፀጉር በሌላ ሰው እጅ ጥላ፣ ጣቶቿ ቀለም እንደነካቸው ባሏ መሥሪያ ክፍል ገባች።

«አንብብልኝ!»

አነበበ፦ «ልብ የሚነካ ደብዳቤዎን በጥሞና አንብበነዋል። እንኳን ደስ አለዎት።»

እልልታዋ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ድረስ ተሰማ። «አንተ ጉደኛ! ምን ብለህ ብትጽፍላቸው ነው?»

ጋሽ ማመልከቻ ወረቀቱን ገልብጦ ከጀርባው አየው፤ ምንም የለም። ባዶ እጁን የማይመለሰው ደብዳቤ እንዴት ሲቀናው እንደኖረ አሁን ገባው። መሳቢያውን ከፍቶ የራሱን ደብዳቤ ቅጂ አወጣና እየተረጎመ አነበበላት።

«ልጄ ሬዲዮ ፈትታ አታውቅም። ዳቦዋን አታካፍልም፤ ደብቃ ነው የምትበላው። ስትስቅ በአፍንጫዋ ታንኮራፋለች። ጓደኞቿን ስለወሰዳችሁባት ከወንበር ጋር ትጫወታለች። ነጎድጓድ ትፈራለች፤ ሰማዩ ሲያጉረመርም አልጋ ሥር ትገባለች፣ እኔ ካላወጣኋት አትወጣም። እናንተ ጋ ማን ያወጣታል? ይቺን ልጅ ካወቅኋት ገና ሁለት ሳምንቴ ነው። እባካችሁ አትቀበሏት።»

ሚስቱ የደንበኛ ወንበር ላይ ዝግ ብላ ተቀመጠች።

«እንዲህ ብለህ ጽፈህ ተቀበሏት?»

«ተቀበሏት።»

«አላነበቡትም ማለት ነው?»

«የአንዱንም አላነበቡም።»

«ልጄን! ማን እንደሆነች እንኳ ገልጠው ሳያዩ ሊወስዱ?» ብድግ አለች። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ! አንተም አንተ ነህ፤ ለኔ ለሚስትህ መናገር አቅቶህ ባሕር ማዶ ትለማመጣለህ? ወረቀት አምጣ! እምቢ ብዬ እኔው ራሴ እጽፍላቸዋለሁ።»

«ቋንቋቸውን መቼ ታውቂያለሽ?»

«በራሴ ቋንቋ ነዋ! ያው አያነቡትም አይደል?»

ልጅቱ ቦርሳዋን አንግታ በሩ ላይ ቆማ ኖሯል። እናቷ አየቻትና እስክሪብቶው እጇ ላይ ቀረ።

«ነይ እስቲ የኔ እናት። አንቺስ መሄድ ትፈልጊያለሽ?»

ልጅቱ ወደ ጠረጴዛው መጣች። የአባቷን ደብዳቤ አንሥታ እንደ ልማዷ ቀይ እስክሪብቶዋን ይዛ እስከ መጨረሻው አነበበችው።

«አንድ ስሕተት አለው» አለች።

«ግድፈት ነው?» አለ አባቷ።

«አይደለም። ነጎድጓድ አልፈራም።»

«አልጋ ሥር የምትገቢውስ?»

«አንተ ሥራህን ጥለህ ልታወጣኝ ትመጣለህ እኮ።»

ሰማዩ ያን ቀን ጥርት ያለ ነበር። ጋሽ ማመልከቻ ሦስት ደንበኞች በር ላይ ቆመው እያዩት ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ከልጁ ጋር ወጣ።