እትዬ ዝማም «አይሆንም» ሲሉ

በቀደም ዳባት ከገበያው በላይ ባለው መንገድ ሳልፍ ከአንድ ግቢ የአሻሮ ሽታ መጣብኝ። ለጠላ የሚሆን ገብስ ሲቆላ፣ ጠቆር እያለ ሲሄድ የሚያወጣው ጉሮሮ የሚከረክር፣ መረር ያለ ሽታ ነው። ሌላው ሰው ሲሸተው ጠላ ያምረዋል። እኔ ግን ትከሻዬ ተሸማቀቀ። «አንቺ፣ ከመንገድ ላይ ዞር በይ» የሚል ድምፅ ከኋላዬ የምሰማ መስሎኝ ዞር ብዬም አየሁ።

እትዬ ዝማም ደባርቅ ውስጥ ጠላ የሚሸጡ ሴት ነበሩ። ከትውልድ መንደሬ ከአምቢኮ ለትምህርት ስመጣ የተከራየሁት በግቢያቸው ጥግ ያለችውን ጠባብ ክፍል ነው። ግድግዳዋ በጭቃ ተመርጎ በአሮጌ ጋዜጣ ተለብጧል፤ ጣሪያዋ ቆርቆሮ ስለሆነ ክረምት ላይ በረዶ ሲወርድባት ጎን ለጎን ተቀምጦ መነጋገር አይቻልም። ጠዋት በሩን ስከፍት ከሊማሊሞ በኩል የወጣው ጉም አጥሩን አልፎ፣ ጋኖቹ ከተደረደሩበት ዳስ ሥር ገብቶ አገኘዋለሁ። በዚያ ጉም ውስጥ እትዬ ዝማም ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ የጎማ ጫማቸውን እየጎተቱ ይመጣሉ። ከፊታቸው በፊት የሚሰማው ሳላቸው ነው።

የመጀመሪያው ቀን ያሉኝ ይህ ነው፦ «ስንቅሽን ከአይጥ ጠብቂ። ስታለቅሺ ድምፅ አታሰሚ። እኔ እናትሽ አይደለሁም።» ያን ቀን ጠላኋቸው።

ሰፈሩም አይወዳቸውም ነበር። በልጅነታቸው ተድረው፣ ኋላ ባላቸውን ጥለው ደባርቅ በእግራቸው የገቡ ናቸው ይባላል። ሴቶቹ «ልበ ድንጋይ» ይሏቸዋል። እሳቸውም የሴቶቹን ሰላምታ የሚመልሱት በአገጫቸው ነው። ጠጪዎቻቸውን እንኳ አያባብሉም። አንድ ሰው እጁን እንደ እኔ ወዳሉት ተከራይ ልጃገረዶች ከሰደደ ጣሳውን ከፊቱ አንስተው ጠላውን ደጅ ይደፉታል፤ ከዚያ ወዲያ ያ ሰው ከዚያ ቤት አይቀዳለትም።

ከሁሉ የበለጠ ሰውን የሚያናድደው ማክሰኞ ነበር። ማክሰኞ እትዬ ዝማም አይሸጡም። ጠላ መኖሩን የሚያመለክተውን፣ ጣሳ የተደፋበትን የደጃፍ እንጨት ነቅለው አጥሩ ላይ ያጋድሙና ፀሐይ ላይ በርጩማ አውጥተው ይቀመጣሉ። አይፈትሉም፣ እህል አይለቅሙም። ቅቤ የተቀባ ጠጉራቸውን ፈተው፣ እግራቸውን ዘርግተው ተራራውን ያያሉ። አንድ ማክሰኞ ከአዲ አርቃይ ጭነት ይዞ የመጣ ሾፌር በሩን ገፍቶ ገባ።

«ጠላ የለም?» አለ።

«አለ።»

«ታዲያ ቅጂልኝ እንጂ።»

«አልሸጥም።»

«ለምን?»

እትዬ ዝማም ቀና ብለውም አላዩት። «አልሸጥማ» አሉ። ሰውየው ምክንያቱን ሲጠብቅ ቆመ፤ ምክንያት አልመጣም። እየተሳደበ ወጣ። እኔ ከክፍሌ በር ላይ ሆኜ አፈርኩላቸው። በአገራችን ሰው እንቢ ሲል ቢያንስ አሞኛል፣ ሐዘን ላይ ነኝ ይላል። እንዲህ ያለ ምክንያት ባዶውን የሚሰጥ እንቢታ አይቼ አላውቅም ነበር።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ፣ ጥምቀት እንዳለፈ አባቴና አጎቴ በቅሎ እየሳቡ መጡ። ቅዳሜ ስለነበር ግቢው ውስጥ ጌሾ እየወቀጥኩ ነበር። አባቴ ሳይቀመጥ «ልብስሽን ሰብስቢ፤ ሠርጉ ደርሷል» አለኝ። የማን ሠርግ እንደሆነ ገባኝ። አጎቴ ደግሞ ልጁ የደህና ሰው ልጅ እንደሆነ፣ ጥንድ በሬና ገብስ የሚያበቅል መሬት እንዳለው ይነግረኝ ጀመር።

እትዬ ዝማምን አየኋቸው። ስንቱን ወንድ ከግቢያቸው ያባረሩ ሴት አባቴንም እንደሚያባርሩልኝ አልተጠራጠርኩም። «እትዬ፣ ይንገሩልኝ» አልኳቸው።

«ምን ብዬ?»

«እንደማልሄድ።»

«እኔን መች ጠየቁኝ» አሉ፤ ጋን የሚያጥኑበትን የወይራ ፍልጥ ከእጃቸው አላስቀመጡም። «አፍ አለሽ። ከሄድሽም ሂጂ፣ ከቀረሽም ቅሪ። ደጄን ግን አትዝጉብኝ፤ ሰው ሊገባ ነው።»

በዚያች ሰዓት የጠላኋቸውን ያህል ማንንም ጠልቼ አላውቅም። ፊቴ ነደደ፤ ዘነዘናውን ሙቀጫው ውስጥ ጣልኩት። የተናገርኩት ከድፍረት አይደለም፣ ከንዴት ነው።

«አልሄድም» አልኩ።

አባቴ ያልሰማ መስሎ «ምን አልሽ?» አለ።

«አልሄድም። አላገባም።»

«ለምን?»

ትምህርቴን፣ ዕድሜዬን፣ ልጁን አለማወቄን ልደረድር አፌን ከፈትኩ። አንዱም አልወጣ አለኝ። «አልፈልግማ» አልኩ።

የአባቴ ዱላ ተነሣ። ይህኔ እትዬ ዝማም ፍልጡን እንደያዙ መጥተው በእኔና በአባቴ መካከል ቆሙ። ድምፃቸውን አላነሡም። «ተናግራለች፤ ሰምተዋል። በዚህ ግቢ ሴት አትመታም። ያውርዱት።»

አባቴ ፊቱ አመድ መሰለ። «ባልሽን ጥለሽ የመጣሽ አንቺ ነሽ ልጄን ያበላሸሽብኝ። እንዳንቺ ልታደርጊያት ነው?»

«እንደኔ ብትሆን ምን ትጎዳለች?» አሉት።

አባቴ መሬት ላይ ተፋ፣ «ከእንግዲህ ልጅ የለኝም» አለና በቅሎውን አዞረ። ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ ሄዱ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩ። አንድ ቃል፣ አንድ «አይዞሽ» ጠበቅሁ።

«ድምፅሽ ቀጭን ነው» አሉ እትዬ ዝማም። «ሌላ ጊዜ አንገትሽን ቀና አድርጊ። አሁን ተነሺ፣ ጌሾው አልላመም።»

ከአምቢኮ ይላክልኝ የነበረው በሶና ዱቄት ቀረ። እትዬ ዝማም ማታ ማታ ሳህን ደጃፌ ላይ ያኖሩና «ከጠጪ የተረፈ ነው» ብለው ይሄዳሉ። ጠጪ እንደዚያ ያለ ሽሮ ተሰጥቶት እንደማያውቅ አውቃለሁ። እንዲያም ሆኖ ምድጃውን ስላልጠረግሁ ሰው ፊት ይሰድቡኛል፤ እኔም በልቤ እመልስላቸዋለሁ። ይህን የምነግረው ሰው ሁሉ በመጨረሻ እንደተዋደድን እንድነግረው ይጠብቃል። አልተዋደድንም። ጤና ሙያ ተምሬ ከተመረቅሁ በኋላ ነጠላ ገዝቼ ብወስድላቸው ጥለቱን ገልበጥ አድርገው አዩና «ለራስሽ ልበሺው፤ ለእኔ ብለሽ አትቸገሪ» ብለው መለሱልኝ። እየተናደድኩ ለበስኩት። እስካሁን ከልብሶቼ ሁሉ የምወደው እሱን ነው።

እትዬ ዝማም ያረፉት ባለፈው ክረምት ነው። ከምሠራበት ከዳባት በሚኒባስ ሄጄ ቀበርኳቸው። ሰው ጥቂት ነበር፤ ዝናቡም አላቆም አለ።

ከአባቴ ጋር የታረቅነው ብዙ ቆይቶ፣ በሽማግሌ ነው። ዘንድሮ ዓይኑን ሊታከም እኔ ቤት ሰንብቶ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ «ያቺ ሴትዮ ሞተች አሉ» አለኝ።

«አዎ፤ ቀብራቸው ላይ ነበርኩ።»

«ነፍስ ይማር ማለት ይከብደኛል።»

ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። «ትንሿን ለልጃቸው የጠየቁ ሰዎች ነበሩ» አለ፤ ታናሽ እህቴን ማለቱ ነው።

«ምን ተባለ ታዲያ፣ አባ?»

«እሷን ጠየቅኋት። አልፈልግም አለችኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምን አለ» አለ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ እያዞረ። «ልጅቱ አልፈለገችም ብዬ ላክሁባቸው።»