የቆረብን ዕለት የፈሰሰው ውኃ

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሰፈር ልጆች በአንድ ድምፅ «መጣ!» ብለው ይጮኻሉ። አሁን ተከራይቼ በምኖርባት በአምበር ከተማም እንዲሁ ነው፤ ወፍጮ ቤቱ ማጓራት ይጀምራል፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን ካቆመበት ይቀጥላል፣ ሰው ሁሉ ደስ ይለዋል። እኔ ግን ያንን ጩኸት በሰማሁ ቁጥር ሳላስበው እግሮቼን ከወለሉ አንሥቼ ወንበሩ ላይ እሰበስባቸዋለሁ። አከራዬ አንድ ቀን እንዲህ ሆኜ ስላገኙኝ «አይጥ አየሽ እንዴ ልጄ?» ብለው ሳቁ፤ አፍሬ «አዎ» አልኩ።

ነገሩ የጀመረው በፍልሰታ ጾም፣ ረቡዕ ዕለት፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ የምንኖረውም ደብረ ማርቆስ፣ ሁለት ክፍል ባላት የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነበር።

አባዬ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። እጁን ያፍታታው በብረት ቧንቧ ነው፤ ብረቱን በሰጌቶ ቆርጦ፣ ጫፉን በመሣሪያ ጥርስ አውጥቶለት፣ ጥርሱ ላይ ቃጫ ጠምጥሞ፣ የክንዱ ደም ሥር እስኪገተር ድረስ በትልቁ መፍቻ ያጠብቀው ነበር። «ቃጫ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲያብጥ ቀዳዳውን ይደፍነዋል» ይል ነበር፤ እውነትም እሱ የገጠመው ቧንቧ አንጠባጠበ ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

በዚያ ዓመት በሰኔ፣ ዝናቡ ገና ሲጀማምር፣ እንግዳ ማረፊያ ያላቸው እትዬ ሙሉ የሚባሉ ሴት አንድ ትልቅ የመስታወት ሣጥን በገለባ አስጠቅልለው በጋሪ ወደ ቤታችን ላኩ። ዓሣ አስገብተው አዳራሻቸው ውስጥ ሊያስቀምጡት ነበር፤ አዳራሹ ገና እየተለሰነ ስለነበር ግን አባዬ ቧንቧውን እኛ ቤት ገጥሞና ሞክሮ እንዲያስረክባቸው ተስማሙ። ሣጥኑ ከአናቱ ዝቅ ብሎ አንድ ቀዳዳ ነበረው። ውኃው እዚያ ሲደርስ በፕላስቲክ ቧንቧ ቁልቁል ወርዶ ከሥር ወደተቀመጠው በርሜል ይገባል፣ በርሜሉ ውስጥ ያለች ትንሽ ሞተር ደግሞ መልሳ ወደ ላይ ትገፋዋለች፤ እንዲህ ሲዞር ይውላል። ጎረቤቶቻችን ሊያዩት እየመጡ ይስቁ ነበር። «አቶ ታድሎ፣ በጾም ዓሣ እያየን ምራቃችንን ልንውጥ ነው?» ሲሉት አባዬ «ማየት አያስገድፍም» ብሎ ይመልስላቸው ነበር።

ሐምሌ ሲገባ የጓዳው ጣሪያ ማፍሰስ ጀመረና የእንጨት አልጋችንን ወደ ፊተኛው ክፍል አወጣነው፤ አልጋው በበሩ ትይዩ፣ ከመስታወቱ ሣጥን አጠገብ ሆነ። የግቢው ጎርፍ እንዳይገባ ደግሞ አባዬ የበሩን ደፍ በሲሚንቶ ከፍ አደረገው። የፕላስቲኩን ሥራ ግን ከዛሬ ነገ እያለ አቆየው። ዕቃውን የሸጠለት ልጅ «በቃጫው ፈንታ ነጩን ቴፍሎን ጠምጥመህ በእጅህ አጥብቀው፣ ይበቃዋል» ብሎት ነበር። አባዬ ይህንን ለእማዬ ሲነግራት ከት ብሎ ሳቀ። «በእጅ የሚጠብቀውስ የዘይት ጠርሙስ ነው!»

ነሐሴ ገባ፣ ጾሙም ተያዘ። ረቡዕ ዕለት እኔና የሦስት ዓመት ወንድሜ አቤል ቆረብን። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እማዬ አቤልን አዝላ እኔን እጄን ይዛ፣ በየዓመቱ የምትለንን እየደጋገመች ትነግረን ነበር፤ የቆረበ ሰው በዚያ ቀን ምራቁን አይተፋም፣ በባዶ እግሩ አይሄድም፣ አይታጠብም፣ እግሩን ውኃ ውስጥ አይነክርም። በየኩሬው ዳር ስንደርስ ቆም ብላ ታሻግረኝ ነበር። አቤልም ከጀርባዋ ላይ ሆኖ «ውኃ አይነካም» እያለ ይደግም ነበር።

ቤት ስንደርስ አባዬ ሣጥኑን የብረት ጠረጴዛ ላይ አውጥቶ፣ ቀዳዳው ላይ ጥርስ ያለውን ፕላስቲክ ገጥሞ፣ ቧንቧውን ሊያስገባበት ቃጫ እየጠመጠመ አገኘነው። እኔ ንፍሮዬን ይዤ አጠገቡ ቆምኩ። በእጁ አዞረው፣ ጠበቀ። ከዚያ መፍቻውን አነሣና ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ አንድ ዙር ጨመረው። በዚያን ጊዜ ቀጭ የሚል በጣም ትንሽ ድምፅ ሰማሁ።

«አባዬ፣ ጮኸ» አልኩት በቀስታ።

«ምኑ?»

«ፕላስቲኩ።»

«ደስ ብሎት ነዋ!» አለና አፍንጫዬን ሙጫ በነካ ጣቱ ቆነጠጠኝ። «የቧንቧ ሐኪም ወለድኩ እንዴ እናንተ!»

እማዬ ሳቀች፣ እኔም ንፍሮዬን መብላቴን ቀጠልኩ። አባዬ ሣጥኑን በጀሪካን እየቀዳ ሞላው፤ ውኃው ቀዳዳው ላይ ደርሶ በቧንቧው ወደ በርሜሉ ሲወርድ ጎንበስ ብሎ በመዳፉ ዳሰሰው፣ አንድም ጠብታ አልነበረም። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ስለጠፋ ሞተሯን ሊሞክራት አልቻለም፤ ወለሉ ላይ በተዘረጋው የሶኬት ማከፋፈያ ሰክቶ፣ መብራት ሲመጣ ራሷ ትነሣለች ብሎ ተዋት። እኛ ዘንድ መብራት ሲጠፋ የሰካውን የሚነቅል የለም፤ መመለሱን የምናውቀው በዚያ ነውና። ማከፋፈያው ያረጀ ነበር፣ ገመዱም ሁለት ቦታ በፕላስተር ተቀጥሏል። እማዬ አራስ ልትጠይቅ ወጣች። አባዬም አቤል አልጋው ላይ እንደተኛ አይቶ «ለእትዬ ሙሉ ብሥራቱን ነግሬያቸው መጣሁ፣ ወንድምሽን እያየሽ ቆዪ» ብሎኝ ሄደ።

በረንዳው ላይ፣ በሩ አፍ፣ በዱካዬ፣ በትንሿ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር። ቤት ውስጥ ያለው ቃጫ በዚህ ሁሉ ጊዜ ውኃ እየጠጣ ያብጥ ነበር፤ ብረት ቢሆን ኖሮ እብጠቱን ችሎ ቀዳዳው ይደፈን ነበር፣ ፕላስቲኩ ግን አልቻለውም። ይህንን ያወቅነው በኋላ ነው።

«መጣ!» ብለው ጮኹ ልጆቹ ከየግቢው። እኔም አብሬ ልጮህ አፌን ስከፍት ሞተሯ እምም ስትል ሰማሁ፣ ወዲያውም ቀጭ አለ፤ አሁን ጮክ ብሎ ነው። ዞር ስል ፕላስቲኩ ለሁለት ተከፍሎ ውኃው ጠረጴዛው ላይ ይወርዳል፤ ሞተሯ ከበርሜሉ እያነሣች ትሰጣለች፣ ሣጥኑ መሬት ላይ ያፈሰዋል። አባዬ ጎርፍ እንዳይገባ ያስረዘመው ደፍ ውኃውን እንዳይወጣ ያዘው። ወለሉ ሲሸፈን፣ ማከፋፈያውም ሲዋጥ አየሁ። ከዚያ በፕላስተር ከተቀጠለው ገመድ ዘንድ ዝዝዝ የሚል ድምፅ መጣ፣ ውኃውም እዚያች ቦታ ላይ እንደሚፈላ ድስት ይንተከተክ ጀመር።

ውኃው ውስጥ ኤሌክትሪክ እንዳለ አላወቅሁም ነበር። የፈራሁት ሌላ ነው። አንድ እግሬን ደፉን ላሻግር አንሥቻለሁ፤ ዘልዬ ገብቼ አቤልን ላነሣው ነበር፣ ጫማዬ ግን ኮንጎ ነው፣ ውኃ ያስገባል። ቆርቤያለሁ። እግሬ አየር ላይ ቀረ።

አቤል ነቅቶ አልጋው ላይ ተቀመጠ። ወለሉን አየ፣ ደስ አለው።

«እቴ! ወንዝ!»

«እንዳትወርድ!» ብዬ ጮህኩ። በሕይወቴ እንዲያ ጮኼ አላውቅም ነበር። «አቤል፣ ቆርበሃልኮ! ውኃ አይነካም!»

ወደ ታች የዘረጋውን እግሩን አቆመው፤ ጣቶቹ ከውኃው በላይ ተንጠልጥለው ነበር።

«ቆርቤያለሁ?»

«አዎ! እግርህን ሰብስብ!»

«አንቺስ?»

«እኔም!»

ቀስ ብሎ ሰበሰበው። ልሮጥና ሰው ልጥራ ብዬ አሰብኩ፤ ግን ዓይኔን ካነሣሁበት እንደሚወርድ አውቄያለሁ። እዚያው ሆኜ «ሰዎች! ሰዎች!» እያልኩ ጮህኩ። ዝናቡ ነበር፣ ወፍጮው ነበር፣ መብራት በመምጣቱ ከየቤቱ የተከፈተ ዘፈን ነበር፤ ማንም አልሰማኝም።

«እቴ፣ ሽንቴ መጣ» አለ አቤል።

«አልጋው ላይ ሽና።»

«እማዬ ትገርፈኛለች!»

«አትገርፍህም፣ እኔ ነኝ ያልኩህ።»

«ማሪያምን በይ!»

«ማሪያምን!» አልኩት። ተነሥቶ ፍራሹ ላይ ቆሞ ወደ ጥግ ዞሮ ሸና፣ ውኃው ላይ እንዳይደርስም ተጠነቀቀ። ከዚያ «ልብሴ ራሰ» ብሎ ያለቅስ ጀመር፣ እኔም አብሬው አለቀስኩ፤ ዝዝዝ የሚለው ድምፅ ግን አላቆመም።

አባዬ ዣንጥላውን አዘቅዝቆ እየሳቀ መጣ። «መብራት መጣ አይደል? ሞተሯ ተነሣች?» እያለ ሊገባ ሲል እጆቼን ዘርግቼ በሩን ዘጋሁት።

«አይገባም!»

«ምን ሆነሽ ነው አንቺ ልጅ…» አለና ቆመ። ድምፁን ሰማ። በራሴ ላይ አሻግሮ ወለሉን አየ፣ አቤልንም አየ። የአባቴ ፊት እንደዚያ አመድ ሲመስል ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ዣንጥላውን ጥሎ በቤቱ ጎን ወዳለው ቆጣሪ ሮጠ፤ ቀጥሎ ሞተሯ ዝም አለች፣ መንተክተኩም ቆመ። ተመልሶ ውኃውን እየረገጠ ገብቶ አቤልን ደረቱ ላይ ለጥፎ አወጣውና በረንዳው ላይ፣ እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ፣ ተቀመጠ። የአቤልን እግሮች በመዳፉ ይዳስስ ነበር።

«እንዳትገቢ ማን ነገረሽ?» አለኝ።

«ቆርቤያለሁኮ» አልኩት።

ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበት። እማዬ ስትመጣ የሆነውን በአጭሩ ነገራት፤ እሷም ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በኩል ዞራ ዝናቡ ላይ ብዙ ቆመች። ፍራሹ ስለመራሱ የተናገረ የለም።

ሣጥኑን በመስከረም እትዬ ሙሉ ወሰዱት፣ ዓሣዎቹም መጡ፤ አንድ ቀን ሊያሳየኝ አባዬ ወስዶኝ፣ ከአዳራሹ በር አልፌ ሳልገባ ከሩቅ አይቻቸው ተመለስኩ። ዛሬ አባዬ የሚሠራው በፕላስቲክ ብቻ ነው፣ ትልቁ መፍቻም ዝጎ ከበሩ ጀርባ ቆሟል። አቤል ቁመቱ ከእኔ በልጧል፣ ያንን ቀን አያስታውሰውም፤ ሲነገረው የሚስቀው አልጋው ላይ በመሽናቱ ነው። የማስታውሰው እኔ ነኝ። ያኔ የፈራሁት ኃጢአትን ነበር፣ አሁን የምፈራው ገመድን ነው፤ መብራት ሲጠፋ በክፍሌ ያለውን ሁሉ እየዞርኩ እነቅላለሁ፣ አከራዬም ይስቁብኛል። ያኔ ግን በፍርሃቴ የሳቀ አልነበረም።

ከዚያ ረቡዕ በማግሥቱ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ እማዬ ሳፋ ላይ ውኃ አቀረበችልን። አቤል አጠገቡ ቆሞ ዓይን ዓይኔን አየኝ። «ዛሬም ቆርበናል?» አለ። «ዛሬ አልቆረብንም፣ ታጠብ» አልኩት፤ እሱ ሲንቦጫረቅ እኔ አንድ ጣቴን ብቻ ነክሬ አወጣሁ። ውስጥ አባዬ አዲስ ጥርስ ያለው ዕቃ አምጥቶ ቧንቧው ላይ በሙጫ ከለጠፈው በኋላ፣ ነጩን ቴፍሎን ጠምጥሞ፣ በጣቶቹ ብቻ እያዞረ ያስገባው ነበር። መፍቻው በአጠገቡ አልነበረም። ሲጨርስ ጠራኝ። «ነይ ስሚልኝ» አለና ቀስ ብሎ ትንሽ ጨመረው፣ ከዚያም ትንፋሹን ይዞ ጠበቀኝ። ጆሮዬን ፕላስቲኩ ላይ አስጠግቼ አዳመጥኩ።

«አልጮኸም» አልኩት።

«እንግዲያው በቃው» አለና እጁን አነሣ።

ቆጣሪው ከትናንት እንደጠፋ ነበር። እኔ ግን ሄጄ ማከፋፈያውን ከግድግዳው ነቀልኩ፣ ገመዱን ጠቀለልኩት፣ ዱካዬን አምጥቼ ላዩ ላይ ቆሜ፣ የአቤል እጅ የማይደርስበት ምስማር ላይ ሰቀልኩት።