ጫት ላይ የተቀመጠው አረንጓዴ ድንጋይ

በሰባዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው፤ አሁን ጭሮ በምትባለው በአሰበ ተፈሪ ሳይንስ አስተምር በነበረበት ጊዜ። ዛሬም የጭሮ ስም ሲነሳ ቀድማ ትዝ የምትለኝ አንዲት ጫት ነጋዴ ናት።

ያኔ አንድ ክፉ ሱስ ነበረብኝ፤ ድንጋይ መሰብሰብ። ጓደኞቼ ሲቅሙ እኔ ድንጋይ ሳገላብጥ አመሻለሁ። «ይሄ ልጅ ለይቶለታል» ይሉኝ ነበር። በተለይ ቦኬ አካባቢ ድሮ ጉድጓድ ሲቆፈር የወጡ አረንጓዴ ክሪስታሎች ልቤን ወስደውት ነበር። ጉድጓዱ ከተደፈነ ቆይቷል፤ ድንጋዮቹ ግን በየሰው ቤት ቀርተዋል።

አንድ ቅዳሜ ቦኬ ሄጄ አንድ ሽማግሌ በራቸውን የሚያስደግፉበትን አንዱን ድንጋይ አገኘሁ። ጡጫ የሚያህል፣ ጠርዙ ያልተሸረፈ፣ ወደ ፀሐይ ሲያነሱት እስከ ውስጡ አረንጓዴ። የቀበሌ ስኳሬን ሰጥቼ ወሰድኩት። ሽማግሌው «ስኳር በድንጋይ!» እያሉ ሲስቁ ቀሩ።

በላንድሮቨር ስመለስ በደሳ ከተማ ላይ ታላቅ እህቴን የምታህል ጫት ነጋዴ ተሳፍራ አጠገቤ ተቀመጠች። ጫቷን በእርጥብ ጆንያ ሸፍና እግሯ ሥር አደረገች። ድንጋዩን ሳገላብጥ ታየኛለች።

ከተማው መግቢያ ኬላ ላይ «ሁሉም ዕቃውን ያሳይ!» ተባለ። ሾፌሩ ዞሮ አየኝና «የከበረ ድንጋይ ነው ካሉ አለቀልህ፤ የመንግሥት ሀብት ሊያሸሽ ነው ይሉሃል» አለኝ። በዚያ ዘመን በትንሽ ነገር ገብቶ የቀረ ሰው ብዙ ነው።

ሴትዮዋ ጠጋ ብላ በኦሮምኛ «ናፍ ኬኒ» አለችኝ፤ ስጠኝ ማለቷ ነው።

«እንኪ» አልኳት።

«እንዲህ አይደለም። ከልብህ ሰጠኸኝ?»

«ከልቤ ሰጥቼሻለሁ።»

ወዲያው ጆንያዋ ላይ አስቀመጠችው። የጫት ነጋዴዎች ንፋስ ጆንያውን እንዳይገልጥባቸው ድንጋይ መጫናቸው የተለመደ ነው። የፈታሹ ዓይን ግን አረፈበት።

«ይሄ የማን ነው?»

«የኔ ነው፤ የጆንያዬ መያዣ።»

«እስቲ ማይ!»

«ወላሂ የኔ ነው!» አለች ሳትደነግጥ። ፈታሹ አለፈን።

መናኸሪያ ስንወርድ እጄን ዘረጋሁላት። ሳቀች።

«በአላህ ስም የኔ ነው ብያለሁ። አሁን ብመልስልህ መሐላዬ ምን ሊሆን ነው?» ብላኝ ድንጋዬን ይዛ ሄደች።

እውነቱን ልናገር፣ ከእስር ድኜም ተናደድኩ። ከዚያ በኋላ በገበያ ቀን መደቧ ጋ ብቅ ማለት ልማዴ ሆነ። ድንጋዩ እርጥብ ጆንያ ላይ ሆኖ ያበራል። ዝም ብሎ ማየት ስለሚያሳፍር የማልቅመውን ጫት እየገዛሁ ለጓደኞቼ አድል ጀመር። ስሟ ፋጡማ መሆኑን ያወቅሁትም ያኔ ነው። ገና ከሩቅ ስታየኝ «ቲቸር፣ ድንጋዬ ደህና አድሯል፤ አይዞህ!» ትለኛለች። ንዴቴ የት እንደገባ ሳላውቀው ወዳጅ ሆንን።

ከዓመታት በኋላ ዝውውር ደርሶኝ ልሰናበታት ሄድኩ። ድንጋዩን ከጆንያው ላይ አነሳችና በሻሿ ጫፍ ጠርጋ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«መሐላሽስ?» አልኳት።

«ይሄን ሁሉ ጊዜ የኔ አልነበረም? የራሴን ዕቃ ለወንድሜ ብሰጥ ማን ይከለክለኛል?»

አልቅሼ ተለየኋት። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

ሌሎቹን ድንጋዮች ለየትምህርት ቤቱ አከፋፍያለሁ። ይሄኛው ሳሎኔ ውስጥ አለ። እንግዳ ሁሉ «ከየት አገኘኸው?» ይለኛል። የቦኬውን ሽማግሌም፣ ኬላውንም አላነሳም። «እህቴ ሰጠችኝ» እላለሁ፤ ብማልበትም አልፈራም።