ማሽላው የሚቀሰቅሰው አበባ

የመጀመሪያው ዝናብ የተሰነጠቀውን ጥቁር አፈር ሲነካው የሚነሣው ሽታ፣ ዛሬም ገንዳ ውሃ ከተማ ወደማስተምርበት ክፍል በመስኮት ሲገባ፣ ከመተማ ዮሐንስ ወጣ ብሎ ያለው ማሳችን ፊቴ ላይ ድቅን ይላል።

ክረምት ሲገባ አባባ እዚያ ማሽላ ይዘሩ ነበር። ቡቃያው ጉልበቴ ሲደርስ ግን፣ ዝናቡ ሳይጠፋ፣ በውሃ ጥም እንደተያዘ ሁሉ ይጠወልግ ነበር፤ አባባም ሰማዩን ቀና ብለው አይተው፣ «ውሃው ይኸው፣ ምን ጎደለብህ?» እያሉ እንደ ሰው ይቆጡት ነበር። ነሐሴ ላይ ከሥሩ አቀንጭራ የሚባለው አረም ብቅ ይላል፤ ሐምራዊ አበባው ደግሞ ሲያምር! አንድ ቀን ጸጉሬ ላይ ሰክቼ ስዘንጥ፣ እናቴ መንጭቃ ጣለችና፣ «የምንበላውን የበላብንን ታጌጭበታለሽ?» ብላኝ እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች።

መስከረም ላይ ሁላችንም ጎንበስ ብለን ስንነቅል እንውል ነበር። የነቀልነውንም ማሳው ዳር እንከምረው ነበር፤ ደርቆ፣ እንደ ዱቄት የላመው ዘሩ በነፋስ ወደ ማሳው ሲመለስ ማን ያስተውላል! ኅዳር ላይ የሚታጨደው ማሽላ አብዛኛው ዛላው ባዶ ነበር፤ አባባ ግን ከተረፈው ደህና ደህናውን መርጠው ለመጪው ክረምት ዘር ያስቀምጡ ነበር። ምን ያድርጉ፣ ያለን መሬት እሱ ብቻ ነው።

አሁን የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። የአቀንጭራ ዘር አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ፣ የማሽላ ሥር የሚያመነጨው ኬሚካል ሲደርሰው ብቻ ነቅቶ ሥሩ ላይ እንደሚጣበቅ፣ ባሕር ውስጥ የሚንሳፈፉ የአንዳንድ እንስሳት እጮችም እንዲሁ የሚስማማቸውን ዓለት ሽታ ሲያገኙ ተጣብቀው መልካቸውን እንደሚለውጡ ለተማሪዎቼ አስረዳለሁ። ለካ አበባውን አይተን ስንነቅለው፣ እሱ ከመሬት በታች ሥራውን ጨርሶ ነበር።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ይህንኑ ለአባባ ነገርኳቸው።

«የሚቀሰቅሰው ራሱ ማሽላው ነው፣ አባባ። ለጥቂት ዓመት ሰሊጥ ብቻ ይዝሩበት» አልኳቸው።

ዘሩን የያዘውን ቁና ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉ።

«መንገዱ ተዘግቶ የሚሸጥበት ሲጠፋ ሰሊጥ ይበላል እንዴ፣ ልጄ?» አሉኝ።

ልጅ ሳለሁ የሚያጠፋንን አናውቅም ነበር፤ አሁን ግን እያወቅኩት፣ ከኋላቸው እየተከተልኩ ማሽላውን አብሬያቸው ዘራሁ።