ለአጭር ሰው የምትሆን ሞተር

አጭር መሆኔን ሰው እየነገረኝ ነው ያደግሁት። እኔ የማላውቀው ይመስል! ስለዚህ የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ በግምገማ መሐል «ለሁምቦ ቆላ ሞተር የሚነዳ የእንስሳት ጤና ባለሙያ እንመድባለን፤ ሴትም ብትሆን ደስ ይለናል፣ ግን...» ብለው ከጫማዬ እስከ ሻሼ ሲያዩኝ፣ የ«ግን»ን ቀሪ አልጠበቅሁም። እጄን አወጣሁና «እኔ አለሁ» አልኩ። ሞተር ነክቼ አላውቅም ነበር።

ጊዜው ቢፒአር የሚሉት የመሥሪያ ቤት አሠራር ለውጥ መጥቶ ሁሉም ሰው ጠረጴዛዬን አጣለሁ ብሎ የሚጨነቅበት ነው። እኔ ደግሞ ጠረጴዛዬን ማጣት ነበር የምፈልገው። ከብት ላክም ተምሬ፣ ሶዶ ቢሮ ውስጥ ተቀምጬ ሌሎች ስላከሙት ከብት ሪፖርት ስጽፍ ቆሽቴ አርሮ ነበር። ኃላፊው ሳቅ አሉና «እንግዲያው መንጃ ፈቃድ ይዘሽ ነይ። እስከ ወሩ መጨረሻ እንጠብቅሻለን፤ ከዚያ በኋላ ቦታው የሌላ ሰው ነው» አሉኝ።

እቤት ገብቼ ለታላቅ ወንድሜ ነገርኩት። ወንድሜ እስከ ቤሌ ገበያ በሞተር እየተመላለሰ የሚነግድ ሰው ነው። «አንቺ? ሞተር?» ብሎ ሳቀ፣ ሳቀ፣ ዓይኑን ጠረገና «በይ ነይ ውጪ» አለኝ። ሞተሩ የገጠር መንገድ የማይበግራት ቁመታም ነበረች። ደግፎ አወጣኝ። ሁለቱም እግሮቼ አየር ላይ ቀሩ። «እቺ ላንቺ አትሆንም፤ ለፈተናው የምትሆንሽን እንፈልጋለን» አለ፤ አሁን አልሳቀም።

ከዚያ በኋላ ያደረግነውን ሳስበው ዛሬም ያስቀኛል። ሶዶ ውስጥ የቆመ ሞተር አልቀረንም። ባንክ ደጅ፣ ጋራዥ ደጅ፣ ሻይ ቤት ደጅ! ወንድሜ ባለቤቱን ፈልጎ «ወንድም፣ እህቴ አንዴ ትቀመጥባት?» ይላል፤ ሰውየው ግራ ገብቶት እሺ ሲል እኔ ሱሪዬን ሰብሰብ አድርጌ ዘልዬ እወጣለሁ። አንዷ ዝቅ ያለች ነች፣ ግን መቀመጫዋ ሰፊ ስለሆነ ጭኔን በርግዶ እግሬን መልሶ ያሳጥረዋል። ሌላዋ ጠባብ ነች፣ ግን ክብደቷ! ትንሽ ስታዘነብል ይዛኝ ልትሄድ። ለካ ነገሩ የመቀመጫው ከፍታ ብቻ አይደለም። አንድ መካኒክ «ስፖንጁን ልቀንሰውና ትውረድልሽ» አለኝ። «ከሁምቦ ኮረኮንች በኋላ ወገቤን አንተ ትሰጠኛለህ?» አልኩት።

በመጨረሻ ያገኘናት አፍንጫችን ሥር ነበረች። ጎረቤታችን መምህር ነው፤ የእሱ ቀይ ሞተር ጠባብ፣ ቀላል፣ ዝቅ ያለች። ተቀመጥኩባት፣ ሁለቱም ተረከዞቼ መሬት ላይ ለጥ አሉ። «እሰይ!» ብዬ ስጮህ የመምህሩ ዶሮዎች ተበተኑ። መምህሩ ግን በየቀኑ ገጠር ትምህርት ቤት የሚሄድባት ስለሆነ «ለፈተናው ቀን ብቻ» አለ። በዚያን ጊዜ ተፈታኝ የሚነዳትን ሞተር ራሱ ይዞ ነበር የሚመጣው። እሷን ተውሼ እንድፈተን፣ እስከዚያው በወንድሜ ቁመታም እንድለማመድ ተስማማን።

እንዴት ተለማመድሽ አትሉኝም? ሶዶ ለአጭር ሰው የተሠራች ከተማ ናት። ከዳሞታ ተራራ ሥር ተዳፋት ላይ ስለተቀመጠች፣ የትም ብትቆም አንዱ ጎን ከፍ ይላል። ከፍ ባለው ጎን እግሬን ሳወርድ የጫማዬ ጫፍ ይደርሳል። በዝቅተኛው ጎን ካወረድኩ ግን አለቀልኝ። አንዴ ተሳስቼ ከነሞተሯ ቡና ቤት ደጅ ስዘረር፣ ሴቶቹ «ወይኔ ልጅቷን!» እያሉ ወጡ፤ እኔ አቧራዬን አራግፌ ተመልሼ ወጣሁ። አንዴ ከተነሣሁ ከፍ ያለ ቦታ እስካገኝ ድረስ መቆም የለም። ወንድሜ ከኋላዬ እየሮጠ «ፍሪሲዮን! ፍሪሲዮን ያዢ!» ይላል፤ እኔ ሚዛኔን በወገቤ ይዤ እዞራለሁ። ደስ ይለኝ ነበር! ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ እንኳ እጄ ነዳጅ ይሰጥ ነበር።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ከከተማው ወረድ ብሎ ያለ ሜዳ ነው፤ ጠፍጣፋ፣ እንደ ምጣድ። በዘንግ ስምንት ቁጥር ተሠርቷል። ፈታኙ ፊሽካ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ቀጭን ሰው ነው። «በስምንት ቁጥሩ ውስጥ እግሩ መሬት የነካ ወደቀ። ለእያንዳንዳችሁ ሁለት ዕድል» አለ።

በቀይዋ ሞተር ገባሁ። እንዴት እንደተመቸችኝ! የመጀመሪያውን ክብ ዞርኩ። ሁለተኛው ክብ ላይ ትንሽ ዘነበለችና እግሬ ወረደ። እኔ አላወረድኩትም፣ ራሱ ወረደ። ፊሽካው ጮኸ። «እግር!» አለ ፈታኙ።

ሣር ላይ ተቀመጥኩ። ደሜ ፈላ። ያ ሁሉ ሞተር የሞከርኩት ለዚህ ነው? ሁለተኛውን ብወድቅ ሁምቦ የለም፤ ተመልሶ ጠረጴዛ፣ ተመልሶ የሌሎች ሪፖርት። ከእኔ በኋላ የገቡትን አየሁ። ሁለት ረጃጅም ጎረምሶች ነበሩ፤ እነሱም ልክ እንደ እኔ፣ ትንሽ ሲያዘነብሉ እግራቸው ሹክክ ብሎ ይወርዳል። ያን ጊዜ በራልኝ። እግር ማረፊያ እንዳለው ካወቀ ያርፋል። በወንድሜ ሞተር ላይ ስለማመድ እኮ አንድ ቀን በዙር መሐል እግሬን አውርጄ አላውቅም። የት ላውርደው?

«ያንተን አምጣት» አልኩት በራሱ ሞተር አጅቦኝ የመጣውን ወንድሜን።

«አብደሻል? ሜዳው ለጥ ያለ ነው። ብታዘነብይ እግርሽ የሚደርስበት ከፍታ የለም።»

«ለዚሁ ነው የምፈልጋት! አምጣት በሞቴ!»

ሰው ሁሉ እያየ ወንድሜ ደግፎ አወጣኝ። ፈታኙ ተንጠልጥለው የቀሩትን እግሮቼን አየና ቅንድቡን ሰቀለ። እመቤቴ ድረሽልኝ ብዬ ማርሽ አስገባሁ። የመጀመሪያው ክብ፤ ሄደች። መሐሉ ላይ ተሻገርኩ። ሁለተኛው ክብ፤ ያችው ቦታ ላይ ዘነበለች፣ ወገቤ ግን ሥራውን ያውቅ ነበር፣ ነዳጅ ጨመር አደረግሁላት፣ ቀና አለች! ወጣሁ! ሰዉ አጨበጨበ።

«አልፈሻል! አቁሚ!» አለ ፈታኙ።

«አልችልም!» አልኩ። እውነቴን ነው፤ ከፍ ያለ ቦታ ከየት ላምጣ? ሜዳውን ዞርኩ። ተፈታኙ ሁሉ ሳቀ። ደግሜ ዞርኩ። ወንድሜ «ሎኦ! ሎኦ!» ብሎ በወላይትኛ እያሞገሰኝ ከጎኔ ሮጠ፣ ደረሰብኝ፣ የኋላውን ያዘና ሦስታችንም፣ እሱ፣ እኔና ሞተሯ፣ ሣሩ ላይ ተንከባለልን። እንዲያ ሆነን እንኳ ሳቃችን አላቆመም። ፈታኙ መጥቶ ከላይ አየንና «ከመስመሩ ከወጣሽ በኋላ የወደቅሽው የኔ ጉዳይ አይደለም» ብሎ ሄደ።

መሥሪያ ቤት ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ ነበር። መንጃ ፈቃዴን ይዤ ስገባ ኃላፊው ከግምጃ ቤት ሁለት ሞተር አስወጥተው አቁመዋል፤ አንዷ አዲስ፣ ቁመታም፣ የምታብለጨልጭ፤ ሌላዋ ቀለሟ የለቀቀ፣ ዝቅ ያለች። «ምረጪ፣ ይገባሻል» አሉኝ፤ ከልባቸው ነበር። ባልደረቦቼ በረንዳ ላይ ወጥተው «ትልቋን! ትልቋን!» ይላሉ።

ሁለቱንም ዞሬ አየሁ። ክትባት የሚያዝበትን የበረዶ ሳጥን አስመጥቼ በየተራ የኋላ መጫኛቸው ላይ አሰርኩ። ሳጥን የተጫነበትን ቁመታም ሞተር እግሬን አሳልፌ ልወጣበት ብሞክር፣ ክትባቱን በእግሬ መትቼ ልጥለው ነው። ደግሞስ ፈተና ላይ እግር አይወርድም፤ ሥራ ላይ ግን በየደጁ ነው የሚወርደው፤ ወንድሜን በየቀበሌው አስከትዬ አልሮጥ! ዝቅ ያለችዋን መሪ ያዝኩ። በረንዳው ሁሉ «ኤጭ!» አለ። ይበሉ።

በማግስቱ ወደ ሁምቦ ወረድኩ። ሙቀቱ ፊቴን እየገረፈኝ፣ ሳጥኑ ከኋላዬ እየተንገጫገጨ፣ ብቻዬን እየጮህኩ እዘፍን ነበር። አንድ ቀበሌ ውስጥ ገበሬዎች ከብቶቻቸውን ሰብስበው ዋርካ ሥር ይጠብቃሉ። መሐላቸው ሄጄ ቆምኩ፤ ሁለቱንም እግሮቼን አወረድኩ። አንድ ሽማግሌ አንድ ትልቅ ቀይ በሬ በገመድ ይዘው ቀረቡ።

«ዶክተሩ የት አለ?» አሉኝ በወላይትኛ።

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

አዩኝ። ሳጥኑን አዩ። ከዚያ ገመዱን አጠበቁና «በይ እንግዲህ፣ ይሄ ይራገጣልና ከኋላው እንዳትቆሚ» አሉኝ።