ያልለበስኩት ድሪቶ

ሊይዙኝ የመጡት ሁለት ሰዎች የመጽሐፍ መደርደሪያዬን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። በቀጥታ ወደ አልጋዬ ሄደው ድሪቶውን ገለበጡና ሰማያዊውን ኪስ ቀደው ወረቀቱን አወጡ። ስለታሰሩ መምህራን የጻፍነው አቤቱታ ነበር፤ እኔና አምስት መምህራን ባልደረቦቼ ፈርመንበታል። ማን እንደነገራቸው መጠየቅ አላስፈለገኝም። ያንን ኪስ ከእኔ ሌላ የምታውቀው ታላቅ እህቴ ብቻ ናት። በዚያው ቀን እኔ ጋ ምሳ በልታ ነው የሄደችው። አጉርሻት ነበር።

ድሪቶውን የሰፋችው እናታችን ናት። ክረምት ሊገባ ሲል ያለቀ ልብሳችንን ቆራርጣ ትጥፍበታለች፤ የአባቴን ኮት፣ የእህቴን ቀሚስ፣ የእኔን ሰማያዊ የተማሪ ሸሚዝ ከነኪሱ። የእንጅባራ ብርድ አያድርስ ነው፤ እህቴና እኔ ከዚያ ድሪቶ ስር ተቃቅፈን አደግን። ኪሱ ውስጥ ቆሎ እንደብቅ ነበር። ታዲያ እናቴ ቀልድ የማታውቅበት አንድ ሕግ ነበራት፤ የተጣላ ሰው ሳይታረቅ ድሪቶውን አይለብስም። እኔ ግትር ስለነበርኩ ስንት ጊዜ መደብ ላይ ኩርምት ብያለሁ።

የታሰርንበት ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። የሲሚንቶው ብርድ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። አብረውኝ የነበሩት ከአዘና የመጡ አንዲት እናት ናቸው፤ ልጃቸው ሲጠፋ በእሱ ምትክ የተያዙ። ሳላቸው ፋታ አይሰጥም። ከፈረሙት መምህራን ሁለቱ ከግድግዳው ማዶ ነበሩ። ሲመቷቸው እሰማለሁ።

በሦስተኛው ቀን እህቴ ድሪቶውን ታቅፋ መጣች። የተቀደደውን ኪስ መልሳ ሰፍታዋለች። በአገውኛ ልትጀምር ስትል ፖሊሱ በአማርኛ ተናገሪ አላት። መሬት መሬት እያየች፣ «ልጄን ይዘውብኝ ነበር» አለች። ፖሊሱ ሌላ ወሬ አይቻልም ብሎ ቆረጣት። ድሪቶውን እጄ ላይ አስቀምጣ፣ «ዛሬ ልበሺው፤ በእናታችን» አለችኝ። ፖሊሱ ለብርዱ መስሎታል። እኔ ግን ምን እንደለመነችኝ ገብቶኛል።

ከሰዓት በረዶ ጣለ። ጥርሴ እየተንገጫገጨ ድሪቶውን ጭኔ ላይ አድርጌ የእናቴን ስፌት ዳበስኩ። ልጅ ተይዞባት ምን ታድርግ? ግን ያን ቀን ምሳ ላይ አንድ ቃል ብትተነፍስልኝ ወረቀቱን አቃጥለው ነበር፤ ማዶ ያሉት ሰዎች ቤታቸው ይሆኑ ነበር። እየጎረሰች ዝም አለችኝ። እሱ ነው ያቃጠለኝ፤ ዛሬም ያቃጥለኛል።

ተነስቼ ድሪቶውን ለአዘናዋ እናት አለበስኳቸው።

«አንቺስ ልጄ?» አሉኝ።

«እኔ ተጣልቻለሁ፣ እማማ» አልኳቸው።

ጠጋ ብለው ጀርባቸውን ከጀርባዬ ገጠሙ።

ስፈታ ድሪቶውን ለእሳቸው ትቼው ወጣሁ። አሁን እህቴና እኔ በበዓል እንጠያየቃለን፤ ልጇ ሒሳብ የሚያጠናው እኔ ጋ ነው፤ እወደዋለሁ። አምና ልትወስደው መጥታ አልጋዬን አየት አደረገችና፣ «ያኔ ለብሰሽው ነበር?» አለችኝ። ነበር ብላት ምን ነበረበት? እሷም ታርፋለች።

«አልለበስኩትም» አልኳት።

ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። ዝናብ ነበር። ባጃጅ እስኪመጣ አብሬያት መንገድ ዳር ቆምኩ፤ ጃንጥላውን ወደ እሷ አዘንብዬ።